ደርቀዋል አልኳቸው

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ጅቡቲ በሙቀት በምትነድበት ወቅት ነው። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

የምሠራው ከባልባላ ሰፈር በታች ባለ የጎርፍ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ ላይ ነው። በኩሬው የአፈር ግድብ ላይ የአገሩን ዛፍ እተክላለሁ፣ እንከባከባለሁ። ሥሩ አፈሩን ካልያዘው ጎርፉ ግድቡን ጥሶ መንደሩ ውስጥ ይገባል። ሥራ ያስገቡኝ የተከላውን ኮንትራት የያዙት ጋሽ ከማል ናቸው፤ የድሬዳዋ ሰው፣ የአባቴ ወዳጅ።

ችግኞቹን ያመጡልን ግን አባ ዳውድ የሚባሉ አፋር ሽማግሌ ናቸው። ከግድቡ ሥር አንድ ክፍል ቤት አለቻቸው፤ አንድ ጊዜ ጎርፍ ወስዶባቸው እንደገና የሠሯት። ስለዚህ ማንም ሳይቀጥራቸው የግራር ችግኝ ከገጠር በጆንያ ተሸክመው ያመጣሉ፣ አብረውኝ ይተክላሉ። የምንግባባው በሶማልኛ ነው። ሁለት ዓመት እንዲህ ለፋን። ግራሩ ሥር ሰደደ፣ ቁመቱም ወገቤ ደረሰ።

አባ ዳውድ በሙቀቱ ወራት ታጁራ፣ ዘመዶቻቸው ጋ ይከርማሉ። ባለፈው ዓመትም እሳቸው እንደሄዱ፣ ያ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲመታው ግራሩ ቅጠሉን አራገፈ። ጠባዩ ነው፤ ቅጠሉን ጥሎ ዝናብ ይጠብቃል። በዚያው ሳምንት ደግሞ እንግዶች ኩሬውን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ።

ጋሽ ከማል መጥተው አዩና ራሳቸውን ያዙ።

«ሰናይት፣ ምን ጉድ ነው? ጭራሮ ነው የምናሳያቸው?»

«ጋሼ፣ አልሞተም እኮ!» ብዬ የአንዱን ቅርፊት በጥፍሬ ፍቄ አሳየኋቸው። ውስጡ አረንጓዴ ነበር።

«እንግዳ ቅርፊት አይፍቅም» አሉኝ። «ይነቀል። አበባ አስመጣለሁ። አንቺ እምቢ ካልሽ የሚነቅል አላጣም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለት ልጆች ብቻዬን ነው የማሳድገው። ነቀልኩት። ነቀልኩት ስል በቀላሉ አይደለም፤ አልነቀል ቢለኝ ቆፍሬ፣ ሥሩን በመጥረቢያ ቆርጬ ነው። እንግዶቹ አበባው ፊት ፎቶ ተነሡ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ወደ መኪናቸው ተመለሱ። አበባው ጨዋማውን አፈር አልቻለውም፤ ወር ሳይሞላው አለቀ።

አባ ዳውድ ሲመለሱ ባዶውን ግድብ አይተው ቆሙ።

«ዛፎቹስ?» አሉኝ።

«ደርቀዋል» አልኳቸው። እውነቱን ካወቁ ኮንትራቱን የሰጠው ቢሮ ሄደው ይከሳሉ፣ ጋሽ ከማልም እኔም ከሥራ እንባረራለን ብዬ ፈራሁ።

እንደገና ሳንተክል ዝናቡ መጣ። ግድቡ የተናደው ልክ ግራሩን በነቀልኩበት በኩል ነው። ጠዋት ስደርስ የአባ ዳውድ ቤት ግድግዳ ወድቋል፤ ዱቄታቸው ጭቃ ሆኗል። እሳቸው ፍራሻቸውን ከውሃ ውስጥ እየጎተቱ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ሁሉንም ልናገር አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ አፉ በይኝ» አሉ። «ችግኞቹን ከገጠር ሳመጣ ቸኩዬ ሥራቸውን ጎድቼው ይሆናል። ለዚያ ነው የደረቁት። አንቺንም በከንቱ አለፋሁሽ፣ ወላሂ።»

አፌን ዘጋሁ። ፍራሹን በአንድ በኩል ይዤ አገዝኳቸው።

አሁን ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር፣ ልጃቸው ቤት ተጠግተዋል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቀድመው ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ዓይናቸውን ማየት አልችልም። ጋሽ ከማልን ብረግም ይቀለኝ ይሆናል፤ ግን የነቀለው የእኔ እጅ፣ የዋሸውም የእኔ አፍ ነው። ይህን የጻፍኩት ደፍሬ እንዳይመስላችሁ። አባ ዳውድ አማርኛ አያነቡም።