የዓሣዎቹ ክዳን

አለበል ከመካነ ኢየሱስ ደብረ ታቦር የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ ቀኝ እግሩን ካጣ ወዲህ ግን ከግቢው ወጥቶ አያውቅም። ከተሳፋሪዎቹ የሞተ የለም፤ ቢሆንም መንደሩ ሁሉ «ይኸው፣ የገለበጣቸው» እያለ የሚጠቋቆምበት ይመስለዋል። ሚስቱ ሐረገ ወይን ብትለምነውም ብትቆጣውም አልሆነላትም።

በ2005 ዓ.ም. ለትንሣኤ፣ ባሕር ዳር የምትማረው ልጁ ሰብለ የመስታወት ገንዳ ከነዓሣዎቹ ይዛለት መጣች።

«አባዬ፣ ግድግዳ ከምታይ እነዚህን እይ» አለችው።

ሳቀባት። ውሎ አድሮ ግን ዓሣዎቹን በየጠባያቸው ለይቶ ያውቃቸው ጀመር። አንድ ጠዋት ቀይዋ ዘልላ ወለል ላይ ስትንፈራገጥ አያት። በደረቱ ተስቦ አፈሳትና ውኃው ውስጥ መለሳት።

ሐረገ ወይን ቶሎ ብላ ገንዳውን በሰፌድ ከደነችው። ውስጡ ጨለመ፤ ዓሣዎቹም ጥግ ይዘው ተሸጎጡ። ቀጥላ ከአናጢው ከእንየው ዘንድ መስታወት አስቆርጣ መጣች። ሲያዩት ያምራል። መብራት ሲጠፋ ግን አየር የምትነፋው ሞተር ቆመችና ዓሣዎቹ ሽቅብ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር።

«ታፈኑ እኮ!» አለ አለበል መስታወቱን እያነሳ። «የሚሻለው የወንፊት ሽቦ ነው፤ በእንጨት የተወጠረ። አየርም ብርሃንም ያስገባል።»

«እንግዲያው ሄደህ ለእንየው ንገረው። እኔ ማስረዳቱን አልችልበትም» አለች። ትችልበት ነበር።

አለበል ወደ ዓሣዎቹ አየና ክራንቹን አነሳ።

መንገድ ላይ እማማ ካሣነሽ ከሩቅ አዩት። ያን ቀን ከተሳፈሩት አንዷ ናቸው። ሊመለስ ሲል ደረሱበት።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ጠፋህብን? መሪውን ወደ ዳገቱ ባትጠመዝዘው ገደል ገብተን አልነበር?» ብለው አገላብጠው ሳሙት። አለበል ጉንጫቸው ላይ አለቀሰ።

እንየው ዘንድ ሲደርስ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ወደ ፀሐይ ያያቸው ጀመር። ቀዳዳው የጠበበው ብርሃን ይከለክላል፤ የሰፋው ትንንሾቹን ዓሣዎች ያሾልካል። መካከለኛውን መረጠ። ምግብ የሚሰጥበት ትንሽ በርም በማጠፊያ አሠራበት። እንየው ምስማሩን ሲመታ እሱ ሽቦውን ወጥሮ ያዘ።

«እጅህ ጥሩ ነው» አለ እንየው። «የመስኮት ወንፊት የሚያሠራ ሰው በዝቶብኛል። ተቀምጦ የሚሠራ ነው፤ ለምን አታግዘኝም?»

ማታ ሐረገ ወይን ክዳኑን አኖረችው፤ ልክክ አለ።

«ነገስ የት ነህ?» አለችው፣ መልሱን እየፈራች።

«እንየው ዘንድ ነኝ። ምሳዬን ቋጥሪልኝ።»