ሞተሯ ከኋላ የነበረው የጋሽ ተፈራ መኪና

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጁባ፣ ካስተም ገበያ ውስጥ፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ ተጠልዬ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ ውስጥ የተሰነጠቀ የውሃ ታንከር በፋይበር ይጠግኑ ነበር። ያ አፍንጫ የሚወጋ የማጣበቂያ ሽታ ሲመጣብኝ ጋሽ ተፈራ ትዝ አሉኝ።

ጋሽ ተፈራ ጁባ ታውን በሚባለው ሰፈር ከእናቴ ምግብ ቤት አጥር ለአጥር የሚኖሩ፣ ብቸኛና ዝምተኛ መካኒክ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ፣ ማንጎው ሥር፣ አንድ ፈረንሳዊ ሥራው አልቆ አገሩ ሲገባ የተወላቸው መኪና ቆማለች። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ የተሠራች፣ ባለ ሁለት በር፣ ቁመቷ ያኔ ከደረቴ የማይበልጥ። ገላዋ ፋይበር ስለነበር ማንጎ ሲወድቅባት እንደ ባዶ ጀሪካን ድም ትላለች። ሰው የፊቷን ክዳን ከፍቶ ሞተር ሲፈልግ ትርፍ ጎማ ያገኝና ይስቃል፤ ሞተሯ ከኋላ ነው። እሳቸው አይስቁም። ይወለውሏታል፣ አስነስተው ጥቂት ያዳምጧታል፣ ያጠፏታል። ከግቢ ግን አያወጧትም።

"ይቺ ለዚህ መንገድ አልተሠራችም" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሕፃኑ ወንድሜ ትኩሳት ጠንቶበት በእናቴ እቅፍ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ዶፍ እየጣለ ነው፤ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲዎች ሁሉ ተጠልለዋል። እናቴ እየጮኸች መንገድ ስትወጣ፣ የጋሽ ተፈራ የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፈተና መኪናዋ ብቅ አለች።

"ግቢ፣ አልማዝ" አሏት። ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ ከኋላ ተጣጠፊ።"

ጭቃው የመኪናዋን ሆድ ሲፍቅ ጥርሳቸውን ነከሱ እንጂ አላቆሙም። "ክብደቷ ከኋላ ነው፣ ጎማዋ መሬት ይይዛል" ይላሉ፤ እናቴን ይሁን ራሳቸውን ሲያጽናኑ እንጃ። ሆስፒታሉ መታጠፊያ ላይ ድንጋይ መኪናዋን መታትና ፊቷ ተሰነጠቀ። ወርደው እንኳ አላዩዋትም።

እናቴ ወንድሜን ይዛ ገባች፤ እሳቸው ዝናቡ ውስጥ ቆመው ጠበቁ። ብዙ ቆይታ ወጣችና፣ "ትኩሳቱ ወረደለት፣ ጋሽ ተፈራ። ጡት ጠባ" አለቻቸው። እሳቸውም የሆስፒታሉ እርጥብ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ።

"መኪናዎት ተሰበረች እኮ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"እሷማ ትጠገናለች" አሉና ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ ሲጠግኗት የማጣበቂያው ሽታ ምግብ ቤታችንን ሞላው፤ እናቴ አንዴም አላማረረችም።

በኋላ ጋሽ ተፈራ ጁባን ሲለቁ፣ ባዶውን ወደ ዩጋንዳ በሚመለስ ከባድ መኪና ላይ መኪናዋን ጭነው አብረዋት ሄዱ። ለእኛ የተዉልን ወንድሜን ነው። አሁን በቁመት በልጦኛል። ሸሪካት ሰፈር ኳስ ሲጫወት አርፍዶ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲገባ እናቴ ትቆጣዋለች። እሱ እየሳቀ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ምሳ ይጠይቃል።