ለኮምፒውተሬ ያልገባው ቋንቋ፦ ከባሕር ዳር ገሳይ

ሰኞ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ባሕር ዳር

መንገዱ ክፍት ነው የሚል ወሬ የሰማሁት እሑድ ነው። ሰኞ ሳይነጋ መናኸሪያ ደረስኩ። ጀርባዬ ላይ ላፕቶፕና ካሜራ፣ በእጄ ደግሞ የካሜራ መቆሚያ ይዣለሁ። ሹፌሩ መቆሚያውን ጣሪያ ላይ ልሰር ሲለኝ ለምኜው በጉልበቶቼ መሃል አቅፌው ተቀመጥኩ።

የማስተርስ ተማሪ ነኝ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በእጃቸው የሚናገሩትን ኮምፒውተር በካሜራ አይቶ በአማርኛ እንዲናገር ለማስተማር ስደክም ከዓመት በላይ ሆነኝ። ማሽን ለርኒንግ የሚሉት ነው። አንዱን ምልክት ብዙ ሰው ሲያሳይ ትቀርጽና ይህ «ውሃ» ነው፣ ይህ «እናት» ነው እያልክ ደጋግመህ ትሰጠዋለህ። ውሎ አድሮ አይቶት የማያውቀውን ሰው እጅ ራሱ መገመት ይጀምራል። የእኔው ቤተ ሙከራ ውስጥ ጎበዝ ነበር። የሚያውቀው ግን የምልክት ቋንቋን ከተማ ላይ የተማሩ ልጆችን እጅ ብቻ ነው። አማካሪዬ «ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ፊቱ ሲቀርብስ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ይህን ጉዞ የጀመርኩት ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ሐሙሲት ከተማ ላይ ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት መቆሚያውን አይታ የሠርግ ቀራጭ መሰልኳት። ሥራዬን ስነግራት ሳቀች። ሪያድ ሰው ቤት ለሥራ ስትገባ አንድም ቃል አረብኛ አታውቅም ነበር፤ የመጀመሪያውን ስድስት ወር የኖርኩት በእጄ ነው አለችኝ። ድስት፣ ብረት ምጣድ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ፤ ሁሉንም በእጇ አሳየችኝ። «ደከመኝ የሚለው ግን ለማንም አልገባም» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ወረታን አልፈን የፎገራ ሩዝ ማሳ ወደ ኋላ ሲቀር መንገዱ ሽቅብ ይያያዛል። አየሩ እየቀዘቀዘ ሄዶ ደብረ ታቦር ስንገባ ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። ዳኘው መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ዳኘው በልጅነቱ ታሞ የመስማት ችሎታውን ያጣ፣ አሁን መስማት የተሳናቸው ልጆችን የሚያስተምር ሰው ነው። የምልክት ቋንቋ ያስተማረኝም እሱ ነው፤ በስልክ ቪዲዮ። በእጃችን ሰላምታ ስንለዋወጥ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየን።

ማክሰኞ፣ ረፋድ፣ ገሳይ

ዳኘው ትውልዱ ገሳይ ነው። በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት ሦስት ዓመት አልሄደም። ትምህርት ቤት ሳይገባ በእጁ የሚናገር ሰው እዚያ አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሁለት እህትማማቾች አሉ፤ አንዷ አትሰማም፣ ሌላዋ ትሰማለች፤ ቋንቋውን የፈጠሩት እነሱ ናቸው» ብሎኝ ነበር። የምመጣበትን ምክንያትም አስቀድሞ በሰው ልኮ አስነግሯቸዋል።

ከደብረ ታቦር በመኪና ሄደን ስንደርስ የጉና ተራራ ጭጋግ ለብሷል። ከአስፋልቱ ወርደን በገብስ ማሳ ዳር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጓዝን። ታላቅየዋ፣ ወይዘሮ የሺ፣ ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል። የማትሰማው ታናሻቸው፣ ስሟ ጥሩ፣ አርባ ገደማ ናት፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበልን። በልተን ስንጨርስ ካሜራውን ደጅ ላይ ተከልኩ።

ጥሩ ካሜራው ፊት ለፊት ቆመች። እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ ወደ ታች ሳበችው። ላፕቶፑ ጥቂት አሰበና ጥርት ባለ ድምፅ «ትምህርት ቤት» አለ።

ወይዘሮ የሺ ምን አሳየች ብለው ጠየቁኝ። አጠገቧ ተቀምጠው ለምን እንደሚጠይቁኝ አልገባኝም። እኔም ራሴ እንደዚያ አድርጌ የእጇን አካሄድ በቃል ነገርኳቸው።

«ላም ነው ያለችው» አሉ። «ጉሮሮዋ ነጭ የሆነ ላም ነበረችን። ከሞተች ቆየች። ከዚያ ወዲህ ላም ሁሉ እሷ ናት።»

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አንድም አላገኘም። ዝናብን «መጽሐፍ»፣ ቄስን «ወንድም» አለ። ለጥናቴ ይህ ራሱ ውጤት ነው፤ ማስታወሻዬ ላይ እየጻፍኩ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስም ብሎኝ ነበር። ወይዘሮ የሺ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ዓይኔ እየጠፋ ነው» አሉ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። ፊት ለፊቴ ሰው መኖሩን አያለሁ፣ እጇን ግን አልለየውም። እጅ አይቶ የሚናገር ነገር ይዘው ይመጣሉ ሲሉኝ፣ እሷ ስትናገር ይነግረኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁሽ።»

እርሳሴን አስቀመጥኩ። ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ፣ አሻሽዬው እመጣለሁ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የአንድ ሰው ቋንቋ ለማስተማር ስንት ቅጂ እንደሚያስፈልገኝ አውቃለሁ፤ ቃሉን የሚፈታልኝ ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እሳቸው አያዩም።

«አይችልም፣ እናቴ። ቶሎም የሚችል አይመስለኝም» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ።

ዳኘው ምን እንደተባለ ጠየቀኝና በእጄ ነገርኩት። ተነሥቶ አጠገባቸው ተንበረከከ፤ ፈቃዳቸውን እንድጠይቅለት ጠቆመኝና ፊታቸውን ወደ ብርሃን አዞረው። ብሌናቸው ላይ ነጭ ነገር ጋርዷል። «የዓይን ሞራ ነው» አለኝ በእጁ። «እናቴም እንዲህ ሆና ነበር። ደብረ ታቦር ሆስፒታል አነሱላት። አሁን በመርፌ ቀዳዳ ክር ታስገባለች።»

ያለውን ስነግራቸው፣ ሞራ መሆኑን ያውቁት ኖሯል። ጤና ጣቢያ ነግረዋቸዋል። ያልሄዱት ጥሩን ለማን ትተው ነው? ቢርባት፣ ቢያማት፣ ምን እንዳለች የሚያውቅላት ሰው የለም። እሷንም ይዘው ቢሄዱ ማደሪያ የላቸውም። በዚያ ላይ ሕክምናው ባይሳካና ብርሃኑ ጨርሶ ቢጠፋስ? ዳኘው ሁለታችሁም እኔ ቤት ከእናቴ ጋር ታርፋላችሁ አለ። እኔ ይህን ስተረጉም እሱ ወደ ጥሩ ዞረ። እስካሁን ነገሩን ለእሷ የነገራት አልነበረም። ዓይኑን እያሳየ፣ መንገዱን እየጠቆመ፣ አንድ ጊዜ መሬት ላይ እየሣለ ረጅም ሰዓት አወራት። ጥሩ እህቷን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ቤት ገብታ የእህቷን ጋቢና የራሷን ነጠላ ይዛ ወጣች።

ረቡዕና ሐሙስ፣ ደብረ ታቦር

ረቡዕ ሐኪሙ ወይዘሮ የሺን መረመራቸው። ግራ ዓይናቸው ቀድሞ ይሠራል ተባለ። ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ። ሲገቡ ጥሩ የእህቷን ልብስ ይዛ አልለቅ አለች፤ ዳኘው ነው ያስለቀቃት። እሳቸው እዚያ ሲቆዩ ሦስታችን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። እኔ ስለ ጥናቴ አልነበረም የማስበው። ባይሳካ ሁለቱን ሴቶች ምን ብዬ ወደ ቤታቸው እንደምመልሳቸው ነበር። ይምጡ ብለን ያወጣናቸው እኛ ነን።

ዓርብ፣ ጠዋት

ነርሷ ፋሻውን ፈታች። ሁለት ጣቷን ዘርግታ ስንት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ የሺ ግን ከነርሷ ጀርባ የቆመችውን ጥሩን ነበር የሚያዩት።

ጥሩ መጀመሪያ እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር። የእህቷ ዓይን እጇን ሲከተል ባየች ጊዜ ግን ጀመረች። ሁለት እጇ፣ ትከሻዋ፣ ፊቷ ሁሉ ይናገራል። ጉሮሮዋን ስትነካ ላም መሆኑ ገባኝ፤ ሌላው ሁሉ አመለጠኝ። ወይዘሮ የሺ አንዳንዴ በእጃቸው ያቋርጧታል፣ አንዳንዴ ይስቃሉ፣ ዓይናቸው ያነባል። ነርሷ ዓይንዎን ማሳረፍ አለብዎት ብላ ጥሩን በቀስታ ወደ በሩ ልትወስዳት ሞከረች።

«ተያት፣ ትናገር» አሏት። «ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ስትናገር ኖራ አልሰማኋትም።»

ነርሷ እጇን ሰበሰበች። እኔም ካሜራዬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ፣ የባሕር ዳሩ መኪና መነሻ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው።