አስቀያሚዋ አበባ

ስልኩ ሲጠራ ጋሼ ብሎን ከውኃ ፓምፑ ሥር ተንጋሎ ነበር። ሠላሳ ዓመት ፓምፕ ሲጠግን ኪሱ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። እጁ በግራሶ ስለተለወሰ ስልኩን በአፍንጫው ጫፍ ነክቶ ከፈተው።

«አባባ፣ አበባው ሀገር በቀል ነው!» አለች የዕፅዋት ባለሙያዋ። «መጤ አረም አይደለም። ደብዳቤውን ፈርሜ ልኬላቸዋለሁ።»

«እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ።»

ደገመችለት። ተንጠልጥላ የከረመች ልቡ ቦታዋ ገባች።

ከፓምፑ ቤት ጀርባ ያለው በረሃ ዓመቱን ሙሉ ጠጠር ነው። ዝናብ አንዴ ጣል ካደረገ ግን ከስንዝር የማትበልጥ ቢጫ አበባ ታለብሰዋለች፤ በሁለት ወር ውስጥ በቅላ፣ አብባ፣ ዘርታ ትሞታለች። ባለቤቱ በየዓመቱ ያንን ቀን ጠብቃ ወንበር ታወጣ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ዝናብ ነው። በዚሁ መሃል ነው የአረም ርጭት ኃላፊው መጥቶ፣ «ሜዳውን መጤ አረም ወሮታል፤ በወሩ መጨረሻ መድኃኒት እንረጫለን» ያለው።

«ሠላሳ ዓመት ያየሁት አበባ ምኑ ነው መጤ?»

«መልኩ ቁርጥ እሱን ነው ጋሼ። አይደለም የሚል ወረቀት ያምጡና እተወዋለሁ።»

ጋሼ ብሎን ከአበቦቹ መሃል የደመቁትን መርጦ፣ ግንዳቸውን አስተካክሎ ቆርጦ፣ በክር አስሮ ከተማ ይዞ ሄደ። ባለሙያዋ እቅፉን አይታ ሳቀች።

«አባባ፣ ለምርመራ ነው ለሙሽራ?»

ሁለቱም የሱፍ ዘመዶች እንደሆኑና አበባቸው መንታ እንደሚመስል ነገረችው። የሚለዩት በዘራቸው ነው። የመጤው ዘር አናት ላይ ነጭ ፀጉር አለ፤ የሀገሬው ዘር ግን አናቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ነገር ይደፋል።

«የደረቀችውን፣ አስቀያሚዋን፣ ከነሥሯ ከነዘሯ ያምጡልኝ።»

ቤት ሲደርስ ባለቤቱ አበባ ታደርቅበት የነበረውን ወፍራም መጽሐፍ ገለጠ። የዓመታት አበባ ተኝቷል፤ ሁሉም በቁንጅናው የተቀጠፈ፣ አንድም ዘር የያዘ የለም።

«አንቺም እንደኔው ነሽ» አለና ከደነው።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ያጎነብስ ጀመር።

«ምን ጠፋብዎት ጋሼ?» አለች ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ።

«አስቀያሚ እየፈለግሁ ነው።»

«እኔ እያለሁ ሜዳ ለሜዳ ምን አንከራተተዎት!»

ርጭቱ አራት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ በሚያነደው የፓምፑ ቤት ግድግዳ ሥር አንዷን ቀድማ ጠውልጋ፣ ዘር ይዛ አገኛት። በማንኪያ ቆፍሮ፣ አፈሯን እፍ ብሎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወሰዳት።

ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ለርጭቱ አስቀምጧቸው የነበሩትን የመድኃኒት በርሜሎች ሊያነሳ መጣ።

«አሸነፉኝ፣ ጋሼ።»

«ምን አሸነፍኩህ? እኔም ዘሩን አይቼው አላውቅም ነበር።»

ኃላፊው ደብዳቤውን ዘርግቶ በጣቱ አሳየው። የተጻፈው በረሃውን ለሁለት ከሚከፍለው መንገድ ወዲህ ላለው ሜዳ ብቻ ነው፤ ለወዲያኛውም እንዲህ ያለ ወረቀት እንዲያመጣ ሁለት ሳምንት ሰጠው። ጋሼ ብሎን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ያን ዕለት ማታ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ከባለቤቱ ቀብር ወዲህ እንዲያ በልቶ አያውቅም።

ከመንገዱ ማዶ ያሉት አበቦች ገና ዘር አልያዙም። ሀገር በቀል ይሁኑ መጤ፣ እስካሁን ያወቀ የለም።