የአኳታ የግራ ነጠላ ጫማ

ልጅ ሳለሁ የሁለቱን ታንኳ ቀዛፊዎች ተረት የነገሩኝ አባባ ኦጁሉ ናቸው። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ከእኛ ቤት ጋር በሣር አጥር ይዋሰኑ የነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ባሮ ወንዝ ላይ በታንኳ ሰው ሲያሻግሩ የጨረሱ የአኙዋክ ሽማግሌ ነበሩ። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ብለው አልነገሩኝም፤ የነገሩት ለልጅ ልጃቸው ለአኳታ ነው፣ እኔ አጠገቧ ተወሽቄ የወሰድኩት ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ደብተር ላይ የገለበጥኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጥቷል፤ በዚያ አጥር ቀዳዳ ያየሁትና የሰማሁት ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ያኔ ጋምቤላ ክልል ከተባለች ገና ጥቂት ጊዜዋ ነበር። ቢሮው ሁሉ ቀለሙ ያልደረቀ፣ ሰፈር ውስጥ አብሮን ቁጭ ብሎ ይውል የነበረው ጎረቤት ድንገት ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ የሚሄድበት፣ እናቴ በር ላይ ቆማ «ይኼ ደግሞ የምን ኃላፊ ሆነ?» የምትልበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ሰፈራችንን እየዞረች ክልሉ ፖሊስ ሊቀጥር መሆኑን፣ ሴቶችም መመዝገብ እንደሚችሉ ለፈፈች። ምልመላው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው ተባለ። አኳታ ደጃፋቸው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። መኪናዋ ስታልፍ ብድግ ብላ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ተከተለቻት፣ በግራ እግሯ ጣቶች እየረገጠች፣ በቀኙ ራሷን እየጎተተች።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከማንጎ ዛፍ ወድቃ የግራ ጭኗ ተሰብሮ ነበር። ጄሶው ከሚገባው በላይ ቆየባት፤ ሲፈታ እግሩ ከመቅዘፊያ እንጨት አይወፍርም፣ ጉልበቱ ተገትሮ በቅጡ አይታጠፍም በቅጡም አይዘረጋም፣ ተረከዙ መሬት አይነካም። እናቷም አባቷም የሉ። አያቷ ክንዳቸው እየደከመ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ጎረምሶቹ ታንኳ ይሄዳል። ኢታንግ ያለች አክስቷ ደግሞ ደረቅ ዓሣ ቁጭ ብላ የምትሸጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ አኳታን ላኩልኝ እያለች ትወተውታለች። አኳታ ግን ሐሳቧ ሌላ ነበር። «ቀበቶና ኮፍያ» ትል ነበር፣ «ወገቤን በቀበቶ ጠበቅ አድርጌ ስሄድ ማን አባቱ ነው አንካሳ የሚለኝ!»

ከእኛ ጀርባ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ጤና ጣቢያ የሚሠራ አቶ ታደለ የሚባል ድሬሰር ነበር፣ ከደጋ የመጣ። እሱ ነው ያስተማራት። ትንሽ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሰረና በርጩማው ላይ እንደተቀመጠች እግሯን ቀጥ አድርጋ እንድትዘረጋ፣ አየር ላይ እንድታቆየው፣ ከዚያ ሳትጥለው ቀስ ብላ እንድታወርደው አሳያት። ከበርጩማው በደካማው እግር ብቻ መነሣት፣ ግድግዳ ተደግፎ የደረቀውን ቁርጭምጭሚት ለማላላት ተረከዙን ወደ መሬት መጫን፣ ሁሉንም ራሱ እየሠራ አሳያት።

«ስሚኝ አኳታ» አላት፣ «ሁልጊዜ ግራው ይቅደም። ቀኙ ደግሞ ግራው የሠራውን ያህል ብቻ ይሥራ፣ አንዳች አይጨምር። ቀኝሽ ጉልበተኛ ነው፤ ከተውሽው ሥራውን ሁሉ ይቀማውና ግራው እንደተኛ ይቀራል።»

አባባ ኦጁሉ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ይኼ ታንኳ ነው» አሉ። «ይኼ የእኔ ሥራ ነው።»

ተረቱ የተጀመረው በዚያው ምሽት ነው። ያኔ መሸት ሲል ለቢምቢ ብለው የኒም ቅጠል ፍም ላይ ይጨምሩ ነበር፤ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ኩራዙ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ከወንዙ በኩል የእንቁራሪቱ ጩኸት ይሰማል፣ እኛ የሰፈር ልጆች፣ የደገኛው፣ የአኙዋኩ፣ የኑዌሩ ልጅ ሳንባባል ምንጣፍ ላይ ተደራርበን እንቀመጣለን። ሁላችንም እንድንሰማ ብለው በአማርኛ ነበር የሚያወሩት፣ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እያደረጉ፣ ቃል ሲጠፋቸው በባዶ እጃቸው አየሩን እየቀዘፉ።

ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ አንዱ ጉልበተኛ፣ አንዱ ደካማ። እናታቸው ከወንዙ ማዶ ታማለች። በአንድ ታንኳ ተሳፈሩ፣ ጉልበተኛው በቀኝ፣ ደካማው በግራ። ጉልበተኛው እናቴ ልትሞትብኝ ነው ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ቀዘፈ። ታንኳዋ ወደ ደካማው በኩል ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረችና ተመልሳ የተነሡበት ዳር ላይ ወጣች። አዞ ጭንቅላቱን ከውሃው ብቅ አድርጎ «ምነው፣ የረሳችሁት ዕቃ አለ?» አላቸው።

እዚህ ላይ ሁላችንም እንንከተከታለን። አኳታም ትስቃለች፣ እግሯ ግን አየር ላይ ነው። ተረቱ የሚሄደው እግሯ እስከሠራ ድረስ ብቻ ነበርና፤ ደካማው ሲቀዝፍ ግራዋ ይነሣል፣ ጉልበተኛው እሱን ጠብቆ ሲቀዝፍ ቀኟ ይነሣል። ግራዋ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሲወድቅ አባባ ኦጁሉ «በቃ፣ ደከመች። ውሃ ላይ አደሩ» ብለው ይዘጋሉ።

«አባባ፣ ዛሬ እንኳ ይድረሱ!» ብለን እንንጫጫለን።

«አንቺ ዓይናም፣ ነይ አንቺ ቅዘፊላቸው» ይሉኛል እኔን። ስሜን ጠርተውት አያውቁም። ወንድማማቾቹንም አንድም ማታ ማዶ አድርሰዋቸው አያውቁም።

የሰፈሩ ሴቶች የአኳታን እግር ትተው የሚያዩት ጫማዋን ነበር። ይህን ያመጣችው እናቴ ናት። የቀኝ ነጠላ ጫማዋ ተረከዙ ጋ ተበልቶ ሊበሳ ደርሷል፤ የግራው ተረከዝ ግን ሱቅ እንዳለ ነው፣ የፋብሪካው መስመር እንኳ አልጠፋም። «ተረከዟ መሬት የነካ ቀን ጫማው ራሱ ይነግረናል» አለች እናቴ፣ አኳታ እየሰማች። ከዚያ ወዲህ አኳታ ጠዋት ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ የምትሠራው የግራ ጫማዋን ገልብጦ ማየት ሆነ። ዝናቡ በረታ፣ ጭኗ ትንሽ ሞላ፣ ጉልበቷ መታጠፍም መዘርጋትም ጀመረ። ጫማው ግን ያው ነው።

አንድ ምሽት አቶ ታደለ መጥቶ ምንጣፍ ላይ አስተኛትና ሁለቱን እግሮቿን ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት በገመድ ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ እሷ ወደ ውስጥ ስትገባ ሽማግሌውን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዳቸው። ከአጥሩ ወዲህ እናቴና እኔ ነበርን፤ መቼም ከዚያ ጠፍተን አናውቅም።

«አባባ፣ ጡንቻው መጥቷል፣ ገናም ይመጣል» አለ። «አጥንቱ ግን አጥሮ ነው የገጠመው። ጉልበቷ ሳይዘረጋ ልለካው አልቻልኩም ነበር። አጥንት ደግሞ በስፖርት አይረዝምም። ስፖርቱን አታቁም፣ ለኑሮዋ ይጠቅማታል። ፖሊስነቱ ግን አይሆንም። ይንገሯት።»

«እኔ?» አሉ አባባ ኦጁሉ። ወደ ፍሙም ተመልሰው ቅጠል ጨመሩበት።

በማግስቱ እናቴ ነገሩን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው። ከአኳታ በቀር ያላወቀ አልቀረም። ያወቁት ሁሉ ደግሞ እሷን ሲያዩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አኳታ፣ ዛሬማ ተሽሎሻል! በርቺ!» ይሏት ጀመር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ጎህ ሲቀድ ለሽንት ወጣሁና ከወዲያ በኩል ሽር ሽር የሚል ድምፅ ሰማሁ። በቀዳዳው አየሁ። አባባ ኦጁሉ የዓሣ ጦራቸውን የሚስሉበት ድንጋይ ላይ አጎንብሰው የአኳታን የግራ ጫማ ተረከዝ ይፍቃሉ። ትንሽ ፋቅ ፋቅ ያደርጉና ዓይናቸው ጋ አስጠግተው ያያሉ፣ ከቀኙ ጋር ያስተያያሉ፣ ደግሞ ትንሽ። ሲበቃቸው የጎማውን ዱቄት በመዳፋቸው ጠራርገው አመድ ውስጥ ጨመሩት፣ ጫማዎቹንም እሷ እንደተወቻቸው አድርገው በሩ ላይ መለሷቸው። እኔ ያየሁትን ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም፤ ይህን ግን ለእናቴም አልነገርኩም።

በየቀኑ አይፍቁትም ነበር። እግር እንደሚጨርሰው፣ ቀስ በቀስ ነው ያሳነሱት። አንድ ጠዋት አኳታ ጫማዋን ይዛ እያነከሰች ግቢያችን ገባች። «እማማ፣ እዩት! ተረከዙን እዩት!» እናቴ ገልብጣ አየች፣ ዳሰሰችው፣ አጥሯል ሲባል የሰማችው አጥንት ወዴት እንደሄደ ግራ ገባት። «አዬ፣ ድሬሰር ምን ያውቃል!» አለችኝ በኋላ፣ ሰፈሩንም ዞራ ይህንኑ አዳረሰች። ከዚያ ወዲህ አኳታ ከረጢቱ ላይ አሸዋ ጨመረች። ታንኳዋም የወንዙ መካከል ደረሰች፤ አዞው ቀልዱ አልቆበት ዝም ብሎ አብሯቸው ይዋኝ ነበር።

ዝናቡ አቆመ። የምልመላው ቀን ሜዳው ድረስ እኛ ልጆች ተከተልናት። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከጎረቤት የተዋሰችውን ቀበቶ ታጥቃ ሴቶቹ ሰልፍ ውስጥ ቆመች። ሩጫ ይኖራል ተብሎ ስለነበር ስትፈራ የከረመችው ሩጫውን ነው። መልማዩ ግን ከሩጫው በፊት «ጫማ አውልቁ!» አለ። «ተረከዝ ለተረከዝ ግጠሙ! ቀጥ በሉ!»

አኳታ ጫማዋን አውልቃ ከጎኗ አኖረችና ቀጥ አለች። ጭኗ አልተንቀጠቀጠም፣ ያን ሁሉ ማታ የለፋ እግር ነበርና ቀጥ ብሎ ቆመ። ተረከዟ ግን አየር ላይ ነበር። መልማዩ አጎንብሶ በተረከዟና በመሬቱ መካከል ጣቱን አሳለፈ። አልሳቀም፣ አልተቆጣም።

«አንቺ ውጪ።»

«መሮጥ እችላለሁ። አስሩጠኝ።»

«እህቴ፣ ውጪ አልኩ እኮ። ቀጥሎ!»

ጫማዋን በእጇ ይዛ በባዶ እግሯ ተመለሰች። ልጆቹ ሜዳው ላይ ቀሩ፣ እኔ ብቻ ከኋላዋ ነበርኩ። መንገድ ዳር አንድ የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጠችና የግራውን ገለበጠች።

«ዓይናም፣ ሰው ሲራመድ ጫማውን ወዴት ነው የሚፍቀው?»

«ወደ ፊት» አልኩ።

«ይኼ ወደ ጎን ነው።» በጥፍሯ የድንጋዩን ጭረት አንድ በአንድ ተከተለችው። «አንቺ አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«እኔም ካየሁ ቆየሁ።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ሁሉንም አባባ አልፋቁትም ብዬ ነዋ» አለች። «ትንሿ እንኳ የእኔ ትሆናለች ብዬ።» ከዚያ ለአያቷ እንዳልነግር አስማለችኝ።

ያን ማታ ፍሙም ጢሱም እንደወትሮው ነበር። አባባ ኦጁሉ ምን ሆንሽ ብለው አልጠየቋትም፣ ቀበቶውን ስትፈታ አይተዋልና። ከረጢቱን ከበርጩማው ሥር አስቀመጡላትና «ሁለት ወንድሞች…» ብለው ጀመሩ።

«አባባ» አለች አኳታ፣ «እናታቸው ሞታለች። ይመለሱ።»

ሽማግሌው እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱት። «ለመመለስም እኮ ይቀዝፋሉ» አሉ፣ ድምፃቸው ለእኔም እስኪርቀኝ ድረስ ቀስ ብለው። አኳታ ከረጢቱን በቀኝ እግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ በዚያ ግቢ ተረት አልተነገረም።

ዛሬም ሰው በደጄ ሲያልፍ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ጫማው ተረከዝ ላይ ነው። ተረቱን ለልጆቼ ነግሬያለሁ፤ ይድረሱ እያሉ ሲለምኑኝ እኔም አላደረስኳቸውም፣ እንዴት እንደሚደርሱ ስለማላውቅ።

አቶ ታደለ በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ። አባባ ኦጁሉ በሚቀጥለው ክረምት ሞቱ፣ ታንኳቸው ዳር ላይ እንደታሰረች በሰበሰች። እናቴም አርፋለች። አኳታ ኢታንግ ገበያ ውስጥ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች፤ በመጨረሻ ያየኋት ጊዜ በምርኩዝ ነበር የምትሄደው፣ የግራ እግሯም መልሶ ከስቷል። የሣር አጥሩ በቆርቆሮ ተተክቷል። እኔ እዚያው ቤት ነኝ።