መርዶ ለካሜራ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። የምታነበው አንተ ፍረድብኝ እንጂ አትዘንልኝ።

ጅቡቲ፣ ቡላኦስ በሚባል ሰፈር የሰርግ ቪዲዮ እቀርጽ ነበር። አገር ቤት የድንበሩ ጦርነት ሲነሣ እኔም የጦርነት ፊልም ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ወታደሮቹ የሰፈር ልጆች፣ ተኩሱ ርችት። ቀርጬ ሳየው እኔኑ አሳቀኝ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፦ ተመልካች ይዞት ቤቱ የሚገባው የመጨረሻውን ምስል ነው። እሱ እውነት ከሆነ የቀረው ውሸት ሁሉ ይቅር ይባልለታል። ልጇ እንደሞተ የተረዳች እናት ፊት አማረኝ።

እናት ሆና የምትሠራልኝ እትዬ አስካለ ነበረች። ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ማዳሟ ለእረፍት አገሯ ስትሄድ ካርቲየ 2 በሚሉት መንደር፣ እኔ ጎረቤት ክፍል ትከራያለች። አንድ ልጇ ግንባር ነበር።

«ሌላውን እሺ» አለችኝ፤ «መርዶውን ግን አልሠራም። ልጄ እዚያ እያለ? ሟርት ነው።»

እሺ አልኩ። ዋሸሁ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ሰው እህል ሳይቀምስ፣ በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ደጅ ይቆማል፤ አፍ መክፈት እንኳ አያስፈልግም። ጎረቤቶቼን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንዲመጡልኝ ለመንኩ። «ታውቃለች፣ ተስማምታለች» አልኳቸው። እኔ ከማዶ መስኮት ካሜራዬን ደግኜ ጠበቅሁ።

በሩን ከፈተች። አየቻቸው። ፊቷን አቅርቤ ያዝኩት። ልትወድቅ ስትል ሊደግፏት ሮጡ፤ «አትንኳት!» ብዬ ጮህኩ፤ ምስሌን እንዳይጋርዱብኝ። ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ይጮሃል? እኔ ጮህኩ።

ፊልም መሆኑን ስነግራት አልረገመችኝም። «አጥፋልኝ ልጄ» ብቻ አለች። አጠፋሁት አልኳት። አላጠፋሁትም። ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ በእንባ ታጠበ፤ እኔም እየዞርኩ ምስጋና ተቀበልኩ። ኮራሁ፣ አዎ ኮራሁ።

ከወራት በኋላ፣ ማዳሟ ዳግም ለእረፍት ሄዳ እትዬ አስካለ እዚያው ክፍል ሳለች፣ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። ልጇ ሞቷል፤ እንደ ልጇ ነህና አብረኸን ቁም አሉኝ። እምቢ ለማለት ምን ምክንያት ልስጥ? ሄድኩ። ማለዳ ነበር፤ ሙቀቱ ገና ከአሁኑ አንገት ያንቃል።

በሩን ከፈተች። ሽማግሌዎቹን አላየቻቸውም። ማዶውን መስኮት አየች፤ ከዚያ እኔን አየችና ፈገግ አለች።

«ዛሬ ደግሞ የት ደበቅኸው?» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ቀረ፤ ዓይኗ ብቻ ይለምነኝ ጀመር። «አንተ ልጅ፣ ፊልም ነው በለኝ እንጂ!»

ባዶ እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋት። ያኔ ጮኸች።

ልጇን የኔ ሟርት ገደለው አልልም፤ ጦርነት ነው የገደለው። አላወቅሁም ነበር ብዬም አላመካኝም። ሴትዮዋ በአንድ ልጅ ሁለት መርዶ ተረዳች፤ ሁለቱንም ያረዳኋት እኔ ነኝ።