የሚጣ ሰኞ

ዕድሜዋ አርባን ተሻግሮም ሰፈሩ ሁሉ ሚጣ ነው የሚላት። ስሙን ያወጣችላት ታላቅ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት ሚጣ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበርና አዝላ ያስተኛቻት፣ ገላዋን ያጠበቻት፣ ጸጉሯን አበጥራ እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት እህቷ ናት። ውለታው ትልቅ ነው፤ እህቷም ብትሆን እንዲረሳባት አትፈልግም። ደንበኛ በተሰበሰበበት፣ "ይቺን'ኮ በዚህ ጀርባዬ ነው ያሳደግኳት" ትላለች። ሚጣም ማበጠሪያዋን እንደያዘች ፈገግ ትላለች። ሌላ ምን ታድርግ?

ሁለቱ እህትማማቾች ከወላጆቻቸው በቀረላቸው ቤት የሴቶች ጸጉር ቤት ከፍተዋል። የፊተኛው ክፍል ጸጉር ቤት፣ የኋለኛው መኝታ ቤት ነው፤ መካከላቸው ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ። ሚጣ ጠዋት መጋረጃውን ስትገልጥ ሥራ ገባች፣ ማታ ስትመልሰው ቤቷ ገባች ማለት ነው። የእህቷ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ብቅ ያለ ቀን ግን መኝታ ቤቱ የባልና የሚስት ይሆንና ሚጣ ፍራሿን ጎትታ ከጸጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ሥር ትተኛለች።

እህቷ ጸጉር ታጥባለች፣ ሚጣ ትሠራለች። የሚጣ ስም የወጣው በእጇ ነው፤ እጀ ቀላል ናት ይሏታል። የእህቷ ስም የወጣው ደግሞ በምላሷ። በሌለችበት "ሬዲዮ" ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች፤ "እኔ ባልኖር ወሬ ከየት ታመጡ ነበር?" ብላ ትስቃለች። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት የራሷ ድምፅ አይሰማትምና ትጮኻለች። ውጭ ያለችው ለእሷ እንዲሰማት ትጮኻለች። ሬዲዮ ደግሞ ከሁለቱም በላይ። ሚጣ በመሃል ቆማ ጸጉር በቢጉዲን እየጠቀለለች፣ "እህ… አዎ… ውይ!" ትላለች። ማታ ትራሷ ላይ ስትጋደም ጆሮዋ ውስጥ ካስኩ እንደበራ ነው።

ከዚህ ቤት የምትወጣበት አንድ ቀን ተገኘላት። አንዲት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ወድቀው አልጋ ላይ ቀርተው ነበርና፣ ልጃቸው፣ "ጸጉር ቤቱ በሚዘጋበት ሰኞ ጠዋት እየመጣሽ እናቴን ብታበጥሪልኝ" ብላ ለመነቻት። ቤታቸው ከተማው ጫፍ፣ ከሳሙና ፋብሪካው ማዶ ነው። አቋራጩ መንገድ ፋብሪካው ቆሻሻ ውኃውን በሚለቅበት ኩሬ ዳር ያልፋል። ሽታው ገና ከሩቁ አፍንጫ ይይዛል፤ ስለዚህ ሰው ብዙም አያልፍበትም። ሚጣ ግን በጸጉር አሲድና በቀለም ሽታ ያረጀች ስለሆነች ግድ አልሰጣትም።

በዚያ ስታልፍ ነው ያየቻት። ከጡጫ የማትበልጥ ቡናማ ወፍ፣ ጫጩቶቿን ጀርባዋ ላይ ጭና ትዋኛለች። ድንገት ጥልቅ ብላ ሰመጠች። ጫጩቶቹ እንደ ቡሽ ውኃው ላይ ቀሩ። ሚጣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ወፏ በማይጠበቅ ቦታ ብቅ ስትል ጫጩቶቹ እየተንደፋደፉ ሄደው እንደገና ተሳፈሩ። ሚጣ ከዚያ ስትነሳ ጆሮዋ ውስጥ የነበረው ካስክ ጠፍቶ ነበር። መቼ እንደጠፋ እንኳ አላወቀችም።

ከዚያ ወዲያ ሰኞ በጠዋቱ መውጣት ጀመረች። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ገዛች፤ አንደኛው ዓይኑ ጭጋግ ስለሆነ ያንን ጨፍና በሌላው ታያለች። ይብራውን፣ ሽመላውን፣ ድምቢጡን በስማቸው ታውቃቸዋለች። የማታውቃቸውን በጸጉራቸው ስም አወጣችላቸው። አናቷ ላይ የቆመ ላባ ያላት "ፍሪዟ" ተባለች። ማጅራቷ ላይ የተጠቀለለላት "ቢጉዲኗ"። አንዷ ዝናብ እንደመታት ሁልጊዜ ብትንትን ያለች ናት፤ "ካስክ ያልገባችው" አለቻት። ሰው ብቅ ካለ መነጽሯን ቢጉዲኖቹ በታጨቁበት ቦርሳ ውስጥ ትወሽቅና እንደ መንገደኛ ትራመዳለች። በዚያ ቀን ኩሬው ዳር ሰው ካለ ወደ ከተማው መቃብር ጀርባ፣ እዚያም ሰው ካለ ዝናብ ወዳቆረበት አሮጌ የድንጋይ ካባ ትሄዳለች። የፋብሪካው ሠራተኛ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ተማሪዎች በየት እንደሚያቋርጡ ጠንቅቃ አወቀች። ሰው ጠልታ አይደለም። ስድስቱን ቀን በሰው ራስ ላይ ነው የምትውለው።

አንድ ሰኞ ከሴትዮዋ ቤት ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤት ነገረቻት፤ ሌሊት አርፈዋል፣ ልጃቸው አስከሬኑን ይዛ ወደ አገራቸው ሄዳለች። ሚጣ አለቀሰች፤ ትወዳቸው ነበር። ተመልሳ ኩሬው ዳር ተቀመጠችና ለእህቷ እንዴት እንደምትነግራት አሰበች። ቤት ስትገባ እህቷ ፎጣ እያጠፈች፣ "ሴትዮዋ እንዴት ዋሉ?" አለቻት።

"ደህና ናቸው፤" አለች ሚጣ። "እንዲያውም ዛሬ ቀና ብለው ተቀምጠው ነበር።"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷው ራሷ ደነገጠች። ግን ወጣ። ሴትዮዋ ሞቱ ካለች ሰኞም አብሮ መሞቱ ነው።

ውሸቱን ጥቂት ሳምንት ተናግራ የምትተወው መስሏት ነበር፤ ግን እሱ አልተዋትም። እህቷ ሆደ ቡቡ ናት። "አይዞዎት በይልኝ" እያለች ሾርባ በፔርሙስ ትልክ ጀመር። ሚጣ መድፋቱን ነውር ስላለችው ኩሬው ዳር ተቀምጣ እየተናነቃት ትጠጣዋለች። ቀጥሎ እህቷ ሻል ሠራች፤ ካስክ ውስጥ ያሉትን ሴቶች እያጫወተች፣ በሰማያዊ ክር። "ሰማያዊ ይወዳሉ?" "ይወዳሉ።" ሚጣ በብርዱ ጠዋት ሻሉን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወፍ ስታይ፣ የሞተች ሴት ልብስ የለበሰች ይመስላት ነበር። ሰው ሞተ ብሎ መዋሸት የተለመደ ነው፤ እሷ ግን የሞተ ሰው ታስታምም ጀመር። በዚህ ላይ እህቷ፣ "አንድ ሰኞ አብሬሽ ሄጄ ልጠይቃቸው" ማለት አመጣች። "ሰው ሲያያቸው ይሳቀቃሉ፤" ትላለች ሚጣ። "እኔን? እኔ ምን አሳቅቃለሁ?" እሑድ ማታ በደረሰ ቁጥር ሚጣ ለነገው የምትለውን ውሸት ታሰላስል ጀመር።

መጨረሻው የመጣው በራሱ እግር ነው። ቅዳሜ፣ ጸጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ የሴትዮዋ ልጅ ገባች። ሚጣ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት፤ እጇ ላይ ያለው ቢጉዲን ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

"እንዴ! እንኳን ደህና መጣሽ!" አለች እህቷ እጇን እያደረቀች። "እናትሽስ? ሾርባው ተስማማቸው?"

ልጅቷ ግራ ገባት። "የቱ ሾርባ? እናቴ'ኮ ካረፈች ከረመች፤ እህትሽ ታውቃለች።"

ካስኮቹ እንደበሩ ናቸው፤ ሴቶቹ ግን ራሳቸውን አውጥተው አዳመጡ። ሚጣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እህቷ ወደ እሷ አየች፣ ወደ ልጅቷ አየች። ከዚያ፣ "ኧረ ምን ነካኝ! ሌላ ሰው መስለሽኝ ነው፤ ነፍስ ይማር እህቴ፤ ነይ ቁጭ በይ ልጠብሽ፤" አለች። አጠበቻትም። የቀረውን ቀን ሙሉ ግን ቃል አልተነፈሰችም።

ማታ የመጨረሻዋን ደንበኛ ሸኝተው በሩን እንደዘጉ፣ እህቷ ማጠቢያው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

"ማን ነው?"

"ማን?"

"ሰውዬው ነዋ! ባለትዳር ነው?"

"ምንም ሰውዬ የለም እትዬ።"

"ሚጣ፣ አልቆጣሽም። ንገሪኝ ብቻ።"

"ወፍ ነው የማየው።"

እህቷ ቀልዱ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሚጣ ቦርሳዋን ከፈተችና ከቢጉዲኖቹ ሥር መነጽሩን አውጥታ ሰጠቻት። እህቷ ገልብጣ ያዘችውና በእሱ ሚጣን አየቻት፤ ከሩቅ፣ ትንሽ ሆና። ዝቅ አደረገችው።

"ምነው ወንድ በሆነ፤" አለች። "ወንድ ቢሆን ወደ እሱ ሄደች እል ነበር። ይሄ ግን ከኔ መሸሽ ነው።"

"ካንቺ አይደለም።"

"ታዲያ ከማን ነው?"

ሚጣ ከጫጫታው ልትል ፈለገች። የዚህ ቤት ጫጫታ ማን እንደሆነ ግን ሁለቱም ያውቁታል።

"ለሞተች ሴትዮ ሾርባ ስሠራ ዝም ብለሽ አየሽኝ? ማን ጠጣው?"

"እኔ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እህቷ አፍንጫዋን በፎጣ ጠረገች። "ጨው አልበዛውም ነበር?"

"ትንሽ።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ያኔ ነገሩ ያለፈ መሰለ። እህቷ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትለቅ ሴት አይደለችም። "በሚቀጥለው ሰኞ እኔም እመጣለሁ፤ ቃል አልተነፍስም። ያንቺ ነገር የኔም ነው፤" አለች። ከዋሹ በኋላ እንቢ ማለት ከየት ይመጣል?

መጣች። ኩሬው ዳር ሲደርሱ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ "ይሄንን ሽታ ነው ከኔ ያበለጥሽው?" አለችና፣ ቃል እንደገባችው ዝም አለች። የእውነት ሞከረች፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ሚጣ ግን የእህቷን ትንፋሽ፣ የአቀማመጧን መቀያየር፣ ሊወጣ ሲል የተዋጠውን ጥያቄ ሁሉ ትሰማ ነበርና አንድ ወፍ እንኳ በቅጡ አላየችም። መነጽሩን ሰጠቻት። እህቷ መነጽሩ ሲያስቸግራት ቆይታ ድንገት ብድግ አለች።

"ውይ! ውይ ሚጣዬ! አዝላቸዋለች'ኮ! እንደኔ! ልክ እንደኔ!"

ኩሬው ላይ የነበረው ሁሉ ብር ብሎ ተነሳ። እህቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ባዶውን ውኃ እያየች ቆማለች። ሚጣ ያቺን ትንሽ ወፍ ስንት ሰኞ ስታያት እንደ እህቷ አስባት አታውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆና ልትታያት አልቻለችም።

በማግስቱ ሬዲዮ ተከፈተ። "የኔ ሚጣ'ኮ ወፍ ታውቃለች! ለሁሉም ስም አውጥታላቸዋለች!" ደንበኞቹ ጉድ አሉ። "እኛንስ አትወስጂንም?" ማለት ተጀመረ፤ ሚጣ ሳትጠየቅ ቀን ተቆረጠ፣ ሚኒባስ ተያዘ። የመጡት ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን አውጥተው፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ኩሬውን ከበቡት። "ቢጉዲኗ የታለች?" አለች አንዷ። "እኔን አይታ ነው እንዴ ያወጣችላት?" ሳቁ እስከ ፋብሪካው ተሰማ። ወፎቹ ከኩሬው ወዲያኛው ጫፍ ነጠብጣብ መስለው ይታያሉ። ሚጣ መሃል ቆማ፣ ለተጠየቀችው ሁሉ እየመለሰች፣ ፈገግ አለች። ጸጉር ቤቱ እግር አውጥቶ ተከትሏት መጥቶ ነበር።

እዚያ ኩሬ ዳግመኛ አልሄደችም። አንድ እሑድ ግን ፎጣ ሲያጣጥፉ፣ "ነገ ብቻዬን ነው የምወጣው። የት እንደሆነም አልነግርሽም፤" አለች።

እህቷ ፎጣውን አጥፋ ጨረሰች፤ አስቀመጠች። "እኔ ስሞት ብቻሽን ትሆኚያለሽ፤" ብላ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ ተዘጋ። ታጥባለች፣ ታጸዳለች፣ አትናገርም። ደንበኞች፣ "ታማለች እንዴ?" እያሉ ሚጣን በሹክሹክታ ይጠይቋታል። ሚጣ ያን ሁሉ ዓመት የተመኘችው ጸጥታ ቤቷ ድረስ መጣላት፤ ግን አልጣማትም። እህቷ ሳሙና የበላውን እጇን ብቻዋን ቅባት ስትቀባ ስታይ ወሽመጧ ቁርጥ ይላል። ቃሏን ልታጥፍ፣ "በቃ ነይ፣ አብረን እንሂድ" ልትላት ስንት ጊዜ አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። አላለችም። ያኔ "ብቻዬን" በማለቷ ይሁን አሁን "ነይ" ባለማለቷ የበለጠ የምታፍረው ለራሷም አልገባትም።

ኋላ ላይ እህቷ ራሷ ጀመረች። ጀርባዋን ሰጥታ ማጠቢያውን እየፈተገች፣ "ሂጂ። ስልክሽን ግን እንዳትዘጊ። ደም ግፊቴ የተነሳ ቀን ማን አለኝ?" አለች። ሚጣ እንደማትዘጋ ማለች።

አሁን ሰኞ ጠዋት የምትሄደው አሮጌው የድንጋይ ካባ ጋ ነው። ድንጋዩ ከጀርባዋ ነው፣ ውኃው ከሥሯ፤ ሰው የለም። አንድ ሽመላ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ሚጣ መነጽሩን ታነሳለች፤ ግን ግማሽ ልቧ ኪሷ ውስጥ ነው። ስልኩ ይርገበገባል።

"ምን ሆንሽ?" ትላለች በሹክሹክታ።

"ምንም። ዝም ብዬ ነው፤ ይሠራ እንደሆን ብዬ።"

"ይሠራል።"

"አሁን ምን እያየሽ ነው?"

"ሽመላ።"

"ምን ያደርጋል?"

"ቆሟል።"

"ብቻውን?"

"ብቻውን።"

"ውይ፣ ምስኪን!" ትላለች እህቷ ከልቧ አዝና። ከዚያ ድምፅዋ ደመቅ ይልና የጎረቤታቸውን ሠራተኛ ነገር ከሥር ከመሠረቱ ትጀምርላታለች።

ሽመላው አንድ እግሩን አነሳ፣ ወደ ድንጋዩ ማዶ ተራመደ፣ ተሰወረ። ሚጣ ተነስታ ልትከተለው ትችል ነበር። ግን ኔትወርክ የሚይዘው እዚያች ቦታ ብቻ ነው፤ ፈቀቅ ካለች መስመሩ ይቆረጣል፤ ከተቆረጠ እህቷ ትደነግጣለች። መነጽሩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።